ከ«ቤት ለእንቦሳ» በፊት

አዲስ ቤት የገባን ወዳጅ ልንጠይቅ ስንሄድ ከደጃፉ ላይ «ቤት ለእንቦሳ!» እንላለን፤ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ይመልሳሉ። ምርቃቱ ግን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህ ቤት ስንት ያወጣል? ጤንነቱንስ ማን አየለት?

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ርስትና ቤት ሲሸጥ ውሉ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍር ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋው፣ ዳኞቹ፣ ዋሶቹና እማኞቹ ይጻፋሉ። የዚያ ዘመን ሰው ዋና ሥጋት የግድግዳው መሰንጠቅ ሳይሆን፣ ነገ «የአባቴ ርስት ነው» የሚል ተከራካሪ መነሣቱ ነበር። ስለዚህም ከቤቱ ይልቅ ሰው ይመረመር ነበር ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆርም መሬት በ1900 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ሕግ የሚሸጥና የሚለወጥ ሀብት ሆነ። የጭቃ ቤት የሚገዛ ሰው መርማሪው ዓይኑና ጣቱ ነበሩ፤ አለዚያም የሚያምነውን አናጢ ይዞ ይሄዳል። ምሰሶው ከሥሩ በምስጥ መበላት አለመበላቱ ይታያል፤ ማገሩ ይነካካል፤ ግድግዳው ይንኳኳል። የጣራውን ምሥጢር ግን ከክረምት በቀር የሚያወጣው የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ሦስተኛ ወገንን የሚነካውም በመዝገብ ሲገባ እንዲሆን ደነገገ። ሻጩንም ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ አደረገው። ገዢው በትንሽ ጥንቃቄ ሊያየው ይችል ለነበረው ጉድለት ግን ሕጉ አላዘነለትም፤ እንግዲህ ገዢ ሆይ፣ ዓይንህን ግለጥ ማለቱ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለቦታው ካሣ አይከፈልም አለ፤ ለትርፍ ቤቱ ግን ተገቢ ካሣ ይከፈላል ብሎ ጻፈ። በአንድ ጀምበር መሬት ከዋጋ ዝርዝር ወጣ፤ ሊገመት የሚችለው ከመሬት በላይ ያለው ብቻ ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ሲል፣ በላዩ የተሠራውን ግን የሠሪው አደረገው።

ዛሬ የባንክ መሐንዲስ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ ይህ ሁሉ ታሪክ ከኋላው ይከተለዋል። መሠረቱን፣ ግድግዳውን፣ ጣራውን ለየብቻ ያሰላል፤ የእርጅናውን ይቀንሳል፤ አካባቢውን ያያል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ገዢና ሻጭ ከተስማሙበት ዋጋ ያንሳል፤ ልዩነቱን የሚሞላውም የገዢው ኪስ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገርም አለ፤ መሐንዲሱ የሚጠብቀው ብድሩን እንጂ ገዢውን አይደለም። ለገዢው ዛሬም የሚያስፈልገው ያ የጥንቱ የታመነ አናጢ ነው።

በምሠራበት ባንክ አንድ ጊዜ ቤታቸው በመያዣነት የተገመተ አንድ አባት የግምቱን ወረቀት ደጋግመው አነበቡና፣ «ልጄ፣ የመሠረቱን ድንጋይ በጀርባዬ ነው ያመላለስኩት፤ እሱ የቱ ጋ ተጻፈ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ወረቀቱ ላይ «እርጅና» የሚል ዓምድ ነበር፤ ለእርሳቸው ያ ዓምድ ዕድሜያቸው ነበር፤ ለእኛ ግን ተቀናሽ።

የብራናው ጸሐፊ እማኞቹን፣ መሐንዲሱ ድንጋዩን ቆጠረ። ሁለቱም የየዘመናቸውን ሥጋት ጻፉ። የቀረውን፣ በዚያ ቤት የተኖረውን፣ የሚያውቀው ከደጃፉ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ» ያለው ጎረቤት ብቻ ነው።