ስለ ደንቆሮ ጫካና ወደ ፏፏቴው ስለሚወስደው የእግር መንገድ

ከመካነ ሰላም ከተማ በስተ ሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ዱር ደንቆሮ ጫካ ይባላል። ደንቆሮ ማለት ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው፤ ነገር ግን ክረምቱ ሲወጣ፥ በመስከረም፥ በዚያ ዱር ውስጥ በእግሩ የሄደ ሰው ከሌላ ስፍራ ይልቅ ብዙ ነገር ይሰማል። አስቀድሞ የጉሬዛውን ጩኸት፥ ቀጥሎም የወፎቹን፥ ኋላም ከገደል የሚወረወረውን ውሃ ይሰማል። ውሃው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይመጣልና መንገደኛውን ወደ ፏፏቴው የሚመራው ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው ነው።

ዛሬ በዚህ መንገድ ለመንሸራሸርና አገር ለማየት የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በቀድሞ ዘመን ግን የእግር መንገድ ማለት የገበያ፥ የንግሥ፥ የልቅሶና የዘመቻ መንገድ ነበር። አገሩ በበሽሎ፥ በወለቃና በዓባይ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ስለ ኾነ፥ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመድረስ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ ዳግመኛ ሽቅብ መውጣት ግድ ነበር። ይህን ድካም የማያውቅ ሰው የወሎን ታሪክ ቢያነብ በሚገባ የሚያስተውለው አይመስለኝም።

ይህ አገር ጥንት ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ነገሥታቱም በዚያ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩ ነበር። ከእነዚያም አንዱ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ጽፎለታል። በ1524 ዓ.ም. ግን የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጠለው። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንኳ በወርቅ መለበጡን እያደነቀ ተርኮታል። ከዚያም ወዲህ ኦሮሞዎች በዚህ አገር ገብተው ተቀመጡ፤ ቦረና የሚለውም ስም ከእነርሱ የመጣ ነው። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ግን ጥንታዊነቷ እየተነገረ እስከ ዛሬ ትኖራለች፤ በዘመነ ኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባት ነበር ተብሎም በትውፊት ይተረካል።

ወርቁ ጠፋ፤ ጫካው ግን አለ። እንዴት ተረፈ ቢባል፥ የመጀመሪያው ምክንያት ገደሉ ነው። በሬ ጠምዶ ሊያርሱት የማይቻል ተዳፋት ስለ ኾነ፥ ሜዳው ኹሉ ሲመነጠር እርሱ ቀረ። ስለ ቤተ ክርስቲያንም ነገሩን ሳንሸሽግ ብንናገር፥ በአንድ በኩል በየደብሩ ቅጥር ጥዱንና ወይራውን ከምሳር ጠብቃለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ ምሰሶዋና ማገሯ ከዚያው ከጥዱና ከወይራው የተቈረጠ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ኹሉ የሕዝብ ሀብት ይኹን ተብሎ ከታወጀ በኋላ ጫካው በመንግሥት ደንነት ተጠበቀ። በ2001 ዓ.ም. የዐማራ ክልል መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ከለለው፤ ያን ጊዜም ስፋቱ 4375 ሄክታር ያህል ነበር።

የፓርኩ ከፍታ ከ1900 ሜትር ጀምሮ እስከ 3700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ብዙ አገር ያየ ይመስለዋል። በታች ወይራና ጥድ ጥላቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል፤ ከፍ ሲል የአስታው ዱር ይመጣል፤ በመጨረሻም ጓሳና ጅባራ ብቻ የበቀሉበት ብርዳም ሜዳ ይገኛል። በዚያም ጭላዳው ሣር እየነጨ ይውላል፤ ቀይ ቀበሮውም አይጥ ያድናል። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ በአገራችንም ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም ይባላል።

ፏፏቴው የተሠራው እንዲህ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ እንደ እንጀራ ተደራረበ። ጠንካራው ንጣፍ ከላይ፥ ልሙ ከታች በኾነበት ስፍራ ውሃው ታችኛውን እየቦረቦረ ገደል ይሠራል። ውሃው በበጋም እንዳይነጥፍ የሚያደርገው ግን ድንጋዩ ብቻ አይደለም። የክረምቱን ዝናም ቅጠሉ ይቀበለዋል፤ ሥሩና ብስባሹ አፈር ይመጠዋል፤ ጓሳውና አስታውም ጉሙን አንጠባጥበው ይጨምሩበታል፤ ኋላም በምንጭ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ዛፉ ከተቈረጠ ዝናሙ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርድና በክረምት ደራሽ፥ በበጋ ደረቅ ድንጋይ ይኾናል። በወሎ ተራሮች ላይ እንዲህ የኾነ ወንዝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በዳር የሚኖረው ገበሬ ጓሳውን ለቤቱ ክዳንና ለገመድ ይፈልገዋል፤ ማገዶም ይሻል፤ ከብቱንም የሚያሰማራበት የለውም። ይህን ችግሩን ሳይሰሙ ዛፍ አትቍረጥ ብቻ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ነገር ግን በበጋ እንስራ ተሸክማ ወደ ምንጭ የምትወርደው የእርሱው ልጅ ናት፤ የደንቆሮም ወንዝ ወደ ዓባይ ከመውረዱ በፊት አስቀድሞ የሚያጠጣው የእርሱን ከብት ነው።