ምድር ሲደርቅ የቤት ኤሌክትሪክ መከላከያ ለምን ይከዳል?

በሰመራ፣ በድሬዳዋ ወይም በጅግጅጋ የሚኖር ሰው በደረቁ ወራት የብረት በር ሲነካ ጣቱን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ቢሰማው አይደንቅም። ደረቅ አየር ባለበት ሰው ሠራሽ ልብስና ምንጣፍ ሲፋተጉ በሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ብረት ሲነካም በቅጽበት ይለቀቃል። ከማስደንገጥ አልፎ የሚያደርሰው ጉዳት የለም።

ከማቀዝቀዣ፣ ከውኃ ማሞቂያ ወይም ከእንጀራ ምጣድ በተነካ ቁጥር የሚመላለስ ንዝረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ የደረቅ አየር ጠባይ ሳይሆን ከመስመሩ የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ቤተሰቦች "ትንሽ ይነዝራል" እያሉ በጫማና በጨርቅ እየተከላከሉ ለዓመታት አብረውት ይኖራሉ። ጫማው የረጠበ ዕለት ውጤቱ ሞት ሊሆን ይችላል።

ብሬከሩ ለምን አይወርድም?

ፌዝ የሚባለው ሽቦ ልባሱ ተልጦ የዕቃውን የብረት አካል ሲነካ፣ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ፍሰቱን ተቀብሎ በግቢው ወደተቀበረው የብረት ዘንግ ያሻግራል። የምድር መስመሩ ከኒውትራል ጋር ባልተያያዘበት ቤት፣ ፍሰቱ ከዘንጉ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለሰው በአፈር ውስጥ ተጉዞ ነው። ይህ ፍሰት ከፍተኛ ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፤ አደጋውም ይቋረጣል።

ችግሩ ኤሌክትሪክ በአፈር ውስጥ የሚያልፈው በአሸዋው ቅንጣት ሳይሆን በቅንጣቶቹ መካከል ባለው እርጥበትና በውስጡ በሟሟው ጨው አማካይነት መሆኑ ነው። የረጠበ ሸክላ አፈር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በአብዛኛው በጥቂት አሥር ኦም ሜትር ይለካል። ደረቅ አሸዋ ግን ከ1,000 ሊያልፍ ይችላል። የደጋው ዋልካ መሬት እንኳ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ከዘንጉ ይላቀቃል። በክረምት በሚገባ ይሠራ የነበረ ኧርዝ በበጋው መጨረሻ እንደሌለ ሊቆጠር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፍሰቱ በአፈር ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ተቃውሞው በድምሩ 100 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት የሚያሳልፈው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። ለ16 አምፔር የተሠራ ብሬከር ይህን ከአንድ ካውያ ያነሰ ተራ ፍጆታ አድርጎ ያየዋል፤ አይወርድም። የማቀዝቀዣው አካልም ኤሌክትሪክ እንደተሸከመ ይቆያል። የሚያፈሰው ኃይል በአንድ ቀንና ሌሊት ከ11 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚሮጥ ቆጣሪ አንዱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ዘንጉን ማሻሻል

የመጀመሪያው መፍትሔ ጥልቀት ነው። የላይኛው አፈር በፀሐይ ሲደርቅ ከታች ያለው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። የዘንጉን ርዝመት ከ1.5 ወደ 3 ሜትር ማሳደግ፣ አፈሩ ወጥ ቢሆን እንኳ፣ ተቃውሞውን በግምት በ40 በመቶ ይቀንሳል። የታችኛው አፈር እርጥብ ከሆነ ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል። ድንጋያማ በሆነ ቦታ ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል ርቆ ሁለተኛ ዘንግ መትከልና በመዳብ ሽቦ ማገናኘት ይቻላል። አጠገብ ለአጠገብ የተተከሉ ሁለት ዘንጎች ያን ያህል አይጠቅሙም፤ የሚጠቀሙት ያንኑ አፈር ነውና።

በአካባቢው የተለመደው ጨውና ከሰል ሞልቶ መቅበር ለጊዜው ይሠራል። ሆኖም ጨው ብረቱን ይበላል፤ ዝናብ ሲመጣም ታጥቦ ይሄዳል። ውኃ የመያዝ ጠባይ ያለው ቤንቶናይት የተባለ ሸክላ የተሻለ ዕድሜ አለው። ቦታውም ወሳኝ ነው፤ ፀሐይ ከሚያቃጥለው ጥግ ይልቅ የልብስ አጠባ ውኃ ወይም የአየር ማቀዝቀዣው ጠብታ የሚወርድበት ሥፍራ ይመረጣል።

ለደረቅ ምድር የተሠራ የሚመስለው መሣሪያ

ዘንጉ የቱንም ያህል ቢሻሻል ደረቅ አፈር አስተማማኝ አይሆንም። ስለዚህ ዋናው ጥበቃ አርሲዲ ወይም አርሲሲቢ የሚባለው መሣሪያ ነው። በፌዝ የወጣው ፍሰት በኒውትራል መመለሱን ያወዳድራል። የ30 ሚሊአምፔር ልዩነት ሲፈጠር ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መስመሩን ይቆርጣል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ብሬከሩን ያላንቀሳቀሰው 2.2 አምፔር፣ ለአርሲዲ ከመነሻው ከ70 እጥፍ በላይ ነው። ያም ሆኖ ኧርዝን አይተካም፤ ኧርዝ ከሌለ መስመሩን የሚቆርጠው ሰው ከነካው በኋላ ነው።

በመሣሪያው ላይ "ቲ" የሚል ፊደል ያለበት መሞከሪያ ቁልፍ አለ። አቧራ በሚበዛበት ቤት በየጥቂት ወሩ ተጭኖ መፈተሽ ይገባል፤ ሲጫኑት የማይወርድ መሣሪያ መለወጥ አለበት። የሚያሳዝነው፣ "ቶሎ ቶሎ ይወርዳል" ተብሎ ከመስመር ውጭ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው መሣሪያ ነው።

ሙቀትና ቆርቆሮ

በፕላስቲክ የተለበጠ የተለመደው የመዳብ ሽቦ እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቋቋማል፤ የመሸከም አቅሙ የሚነገረው ግን የአካባቢው ሙቀት 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። በ40 ዲግሪ ወደ 87 በመቶ፣ በ50 ዲግሪ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። በቆላ ከተሞች በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒስ መካከል ያለው ሙቀት ከ50 ማለፉ አዲስ ነገር አይደለም።

በቱቦ የሚያልፍ ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ በ30 ዲግሪ 24 አምፔር ይሸከማል፤ በ50 ዲግሪ 17 አምፔር ብቻ ይቀረዋል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። በዚያው መስመር ላይ ካውያ ከተጨመረ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ይሞቃል፤ ልባሱም ቀስ በቀስ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለምጣድ ከማከፋፈያው ለብቻው የወጣ ወፍራም መስመር እንጂ ዲቫይደር አይሆንም። ብሬከር ሲወርድ በትልቅ መተካት ደግሞ ሽቦውን ፊውዝ ማድረግ ነው።

መብራት ሲመለስና የመጀመሪያው ዝናብ

ከተቋረጠ በኋላ ኃይል ሲመለስ ቮልቴጁ ለጥቂት ጊዜ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ ማቀዝቀዣንና ቴሌቪዥንን ነቅሎ ከተመለሰ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መሰካት ርካሹ ጥበቃ ነው። ከመብረቅ የሚከላከለው መሣሪያ ትርፉን ኃይል የሚያፈስሰው ወደ ምድር በመሆኑ፣ ዘንጉ በደረቀበት ቤት ገንዘብ ያባክናል እንጂ ብዙም አይጠቅምም።

የኧርዝ ተቃውሞ መለካት ያለበት አፈሩ እጅግ በደረቀበት ወቅት ነው። በሶማሌ ክልልና በሶማሊላንድ ጂላል የሚባለው ረጅም በጋ ሲያበቃ ማለት ነው። በክረምት የተገኘ ጥሩ ቁጥር ስለ በጋው ምንም አይናገርም። የማከፋፈያ ሳጥኑም በዚሁ ጊዜ መከፈት ይኖርበታል፤ ለወራት በቆጣሪውና በውጭ ሶኬቶች ላይ የተከማቸው አቧራ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጭቃ ይሆናል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያጸዳል፤ በቀንና በሌሊት ሙቀት መፈራረቅ የላሉትን ብሎኖችም መልሶ ያጠብቃል።