የሚያሳውረው ብርሃን መድኃኒት የሆነበት ታሪክ

የፀሐይን ግርዶሽ በባዶ ዐይኑ ትክ ብሎ የተመለከተ ሰው ጕዳቱ ወዲያው አይታወቀውም። ሕመም የለውም፤ ዐይኑም ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ጥቂት ሰዓቶች ካለፉ በኋላ ግን መጽሐፍ ሲገልጥ ፊደሉ ይጠፋበታል፤ የሰው ፊት ሲመለከትም ዳር ዳሩን እንጂ መካከሉን አያይም። ይህ ጕዳት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አፍላጦን «ፌዶን» በተባለው መጽሐፉ፥ ግርዶሹን በውሃ ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ የሚያዩ ሰዎች ዐይናቸውን እንደሚጐዱ ሶቅራጥስን አናግሮታል። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ አትመልከቱ የሚል። ይህንኑ ቃጠሎ መጥኖ ለሕሙማን ጥቅም ያዋለ ሐኪም እስኪነሣ ድረስ ግን ከ2,000 ዓመት በላይ አለፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት የዐይንን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። በዐይን ኳስ ውስጥ፥ በስተኋላ በኩል፥ እንደ ስስ ወረቀት የተለጠፈ ሬቲና የሚባል ሽፋን አለ፤ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። ከሥሩ ጥቍር ቀለም ያለው ሌላ ሽፋን ተነጥፎአል፤ ይህም ጥቍር ልብስ በፀሐይ እንደሚግል፥ ብርሃኑን ውጦ ይግላል። ሙቀቱ ሲበዛ በአካባቢው ያለው ሥጋ የእንቍላል ነጩ ክፍል በመጥበሻ ላይ እንደሚረጋ ይረጋል፤ ሲድንም ጠባሳ ይሆንና ሬቲናውን ከሥሩ ካለው ጋር አጥብቆ ይይዘዋል። ሬቲና ተቀድዶ ፈሳሽ በቀዳዳው የገባ እንደ ሆነ ከቦታው ይላቀቃል፤ ካልታከመም ዐይኑ ይታወራል። የስዊስ ሐኪም ዡል ጎናን ቀዳዳው ካልተዘጋ መዳን እንደሌለ አስረድቶ፥ በ1920ዎቹ ዓመታት የጋለ ብረት በዐይኑ ግድግዳ በኩል እያስገባ ይተኵስ ነበር። ብዙዎች በዚህ ድነዋል፤ ነገር ግን ዐይንን መብሳት ግድ ነበር።

በ1945 በሐምሌ ወር መጀመሪያ በአውሮፓ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። ጀርመን በጦርነቱ ከተሸነፈች ገና ሁለት ወር ማለፉ ነበር፤ ሐምቡርግም በቦምብ ፈራርሳ ነበር። በዚያች ከተማ የዐይን ሕክምና ክፍል የሚሠራው የ25 ዓመቱ ሐኪም ጌርሃርድ ሜየር ሽቪክራት፥ ግርዶሹን ያለ መከላከያ ተመልክቶ ዐይኑ የተጐዳ አንድ የሕክምና ተማሪ ገጠመው። ሲመረምረውም በሬቲናው መካከል ያየው ጠባሳ፥ ሐኪሞች በኤሌክትሪክ ሙቀት ተኵሰው ከሚያበጁት ጠባሳ ጋር የተመሳሰለ ሆኖ ታየው። ፀሐይዋ ግን ምንም ሳትበሳ በብሌኑ በኩል ገብታ ነበር የተኰሰችው።

ከዚህ በኋላ ሐኪሙ በእንስሳት ዐይን ላይ መፈተን ጀመረ። ቀጥሎም የፀሐይን ብርሃን በመስታወት እየመለሰ ወደ ሕመምተኛው ዐይን የሚልክ መሣሪያ አበጀ። የሐምቡርግ ሰማይ ደመና የሚበዛበት ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛው ተዘጋጅቶ ሳለ ፀሐይዋ ብትሸፈን ሥራው ሁሉ ይቆማል። (መሣሪያው በጥር ወር አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ሥራ ባልፈታ ነበር።) ስለዚህ ፀሐይን ትቶ ከሁለት ከሰል ዘንጎች መካከል በኤሌክትሪክ የሚወጣውን ኀይለኛ ብርሃን ያዘ፤ በ1950ዎቹም አጋማሽ ሐንስ ሊትማን ከሚባለው የዛይስ ኩባንያ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በዜኖን ጋዝ መብራት የሚሠራውን መሣሪያ አወጣ። ይህ መሣሪያ በዓለም ላይ ብዙ ዐይን አድኖአል፤ ነገር ግን ሕመም ያለበት፥ ዐይኑን በመርፌ ማደንዘዝ የሚያስፈልገው፥ ቃጠሎውም ሰፊ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ሜይማን በካሊፎርንያ የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ዘንግ አበራ። ሌዘር ብርሃኑ አንድ ዐይነት ቀለም ብቻ ያለው፥ ሳይበተንም በቀጭን ጨረር የሚሄድ ነው። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1961 መጨረሻ፥ ቻርልስ ካምቤልና ቻርልስ ኬስተር በኒው ዮርክ የአንድ ሕመምተኛን የሬቲና ዕጢ በዚህ ብርሃን ተኰሱ። የሩቢው ቀይ ብርሃን በደም ላይ ኀይሉ አነስተኛ ስለ ሆነ፥ በ1968 ፍራንሲስ ሌስፔራንስ ደም በቀላሉ የሚውጠውን ሰማያዊና አረንጓዴ የአርጎን ሌዘር ለሰው ዐይን አዋለ።

ትልቁ ፈተና ግን የስኳር በሽታ ያመጣው ዕውርነት ነበር። በዚህ በሽታ የሬቲና የደም ሥሮች ይደፈናሉ፤ የተራበውም ሬቲና ደካማ አዳዲስ ሥሮችን ያበቅላል፤ እነዚህም ፈንድተው ዐይኑን በደም ይሞሉታል። እዚህም ላይ ያስተማረው ጠባሳ ነው። በቦስተን የነበሩት ዊልያም ቢታምና ሎይድ አይዬሎ፥ በሌላ ምክንያት ሬቲናው ጠባሳ የሞላበት ዐይን ከዚህ ክፉ በሽታ እንደሚተርፍ አስተዋሉ፤ በ1960ዎቹም መጨረሻ ሬቲናውን በጥቃቅን ቃጠሎዎች ሆን ብለው ይበትኑበት ጀመር። ቃጠሎዎቹ ከ1,000 ሊበልጡ ይችላሉ። ሕመምተኛው የዳር እይታውንና የሌሊት እይታውን በከፊል ሰጥቶ የመካከሉን ያተርፋል፤ የሚያነብበትንና የልጁን ፊት የሚለይበትን ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ዋጋ በግምት ብቻ ማስከፈል አይገባም ነበርና፥ ከ1972 ጀምሮ በአሜሪካ 15 የሕክምና ማእከሎች ከ1,700 በላይ ሕሙማንን መርምረው የእያንዳንዱን አንድ ዐይን በዕጣ ተኰሱ፤ ሁለተኛውን ግን ሳይነኩ ተዉት። ይህ ጭካኔ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ማንም እውነቱን ሳያውቅ የሰውን ዐይን ማቃጠሉ የባሰ ነበር እላለሁ። በ1976 ውጤቱ ሲገለጥ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልታከሙት ዐይኖች ከመቶ 16 ያህሉ፥ ከታከሙት ግን 6 ያህሉ ብቻ ለከባድ የማየት ጕድለት ተዳርገው ተገኙ። ሐኪሞቹም ምርመራው እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ዕጣ ሳይደርሳቸው የቀሩትና አደጋ ያሠጋቸው ዐይኖች እንዲታከሙ በዚያው ዓመት ደንቡን ለወጡ።

ከ2000 ወዲህ በዐይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች የሌዘርን ሥራ በብዙ ስፍራ ተክተዋል፤ የዳሩንም እይታ የተሻለ ይጠብቃሉ። ነገር ግን መርፌው በየጊዜው መደጋገም አለበት፤ ቀጠሮው ከተቋረጠ በሽታው ይመለሳል። የሌዘሩ ጠባሳ ግን ለዘለቄታው ይኖራል፤ ስለዚህም መንገዱ ርቆበት ወይም ገንዘቡ አጥሮት ወደ ሐኪም ቶሎ ቶሎ ሊመለስ ለማይችል ሰው ሐኪሞች ዛሬም ይመርጡታል።