የጓሳ ጥብቅ ምድርና የቁንዱዶ ፈረሶች

በ2000 ዓ.ም. በምሥራቅ ሐረርጌ ወደ ቁንዱዶ ተራራ የወጡ አሳሾች ከለማዳ ወገን ሆነው ዱር የገቡ 11 ፈረሶች ብቻ አገኙ። እንዲህ ያለውን መንጋ ለማትረፍ ምን ዓይነት ማደሪያ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የመንዝ ታሪክ አንድ መልስ ይሰጣል።

በመንዝ የጓሳን ምድር አቅኚዎቹ አባቶች አስቦና ጌራ በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ምድሩ በአጽመ ርስት ሕግ ተጠብቆ ኖረ። ባለርስቶች የመረጡት አፈሮ ሐምሌ 5 ቀን ይዘጋው፣ ሣሩም አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሳይነካ ይቈይ ነበር። በድርቅ ወራት ሲከፈት ከብቱ ይሰማራል፤ ለቤት ክዳን የሚሆነውም ጓሳ ይታጨዳል። ሕጉ የወጣው ለሰው ጥቅም ቢሆንም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በጥላው ሥር ተረፉ። በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ርስት ሲሻር ግን ጠባቂው ቀረ፤ ሣሩም ተጐዳ። በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ።

እንግዲህ ፈረሱን ይዞ ጋጣ ማስገባት ነፍሱን ያተርፋል፤ የመንጋውን ኑሮ ግን ያጠፋል። የመንጋው ቤት ተራራው ነው፤ ስለዚህ ተራራው በዙሪያው ገበሬዎች ስምምነት የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን ሊኖረው ይገባል።