የጉሊቷ ሴት ስትቆም

በሳንሱሲ በኩል አመሻሹ ላይ የሚያልፍ ሰው የመንገዱ ዳር ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ሴቶች ማዳበሪያ ወይም ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ደርድረው ተቀምጠዋል። እኛ ቆመን ዋጋ እንጠይቃለን፤ እነርሱ ከታች ቀና ብለው «ጋሼ፣ መርጬ ልስጥዎት?» ይሉናል። ገዢው ከላይ፣ ሻጯ ከታች። ከልማድ ብዛት ዓይናችን ይህን አቀማመጥ ማየት ትቷል። (በፈረንሳይኛ «ሳን ሱሲ» ማለት «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። እዚያ መንገድ ዳር ለተቀመጠችው ሴት ይህን ብንነግራት ምን ትለን ይሆን?)

ሠዓሊው ታደሰ መስፍን ይህንኑ አቀማመጥ ገልብጦታል። «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚል ስያሜ በሚታወቁት ተከታታይ ሥራዎቹ የጉሊት ሴቶች ቆመው ይታያሉ፤ ቁመታቸው ከተፈጥሮ መጠን የረዘመ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ እንደ ሐውልት የጸኑ ናቸው። ሸቀጡ የቀለም ጭብጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ገበያውም ቢሆን ቅርጹ ሟሙቶ ወደ ብሩሽ ምት ተለውጧል። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያግዘናል፤ ሻጯ መሬት ላይ የምታነጥፈውንም ሠዓሊው በእንጨት ላይ የሚወጥረውንም በአንድ ቃል «ሸራ» እንለዋለን።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ በእኛ አገር ሰውን በሥዕል ማግዘፍ መቼም ቢሆን ከፖለቲካ ተለይቶ የማያውቅ መሆኑን ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሰው መጠን የሚለካው በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ነበር። ጻድቁ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥኡ በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላል። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ሥዕሎችም ይህንኑ ሕግ ተከትለው ወገንን ፊት ለፊት፣ ጠላትን በጎን አሰለፉ። እንግዲህ ማን ይግዘፍ፣ ማን ይነስ፣ ማን ሙሉ ፊት ይኑረው የሚለው የሠዓሊው የብሩሽ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሥልጣንም ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ የተወለደው ታደሰ ወደ ሥነ ጥበብ የገባው በሺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት በኩል ነው። ከመምህራኑ አንዱ ከጀርመን፣ ከኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ሥዕል ነገርን የመምሰል ግዴታ እንደሌለበት በአደባባይ ያሳየ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ታደሰ የተላከው ወደ ሌኒንግራድ፣ ወደ ረፒን ተቋም ሆነ። በዚያ ያለው ሥርዓት የገብረ ክርስቶስ ተቃራኒ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከጄሶ ቅርጽ መንደፍ፣ የሰውነትን አጥንትና ጡንቻ ማጥናት፣ ከፊት ከቆመ ሰው ለብዙ ሰዓታት መሣል።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ገዝፎ ተሰቅሏል። በየግድግዳው መዶሻ የያዘ ወዝአደር፣ ማጭድ ያነሣ ገበሬ፣ ጠመንጃ ያነገተ ወታደር ክንዳቸውን ወደ ላይ ሰንዝረው ይታዩ ነበር። የጉሊቷ ሴት በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረችም። እንዴትስ ትኖራለች? በመዝገበ ቃላቱ መሠረት «ንዑስ ከበርቴ» ተብላ የምትመደብ ናት። አምስት መደብ ቲማቲም የያዘች ከበርቴ!

የሩሲያው ትምህርት የአፍሪቃን ሠዓሊ እጅ ያስራል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ታደሰ የሴቲቱን ቁመት ሲያስረዝመው ምስሉ የማይላላው አጥንቱ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። የክብደቱ ማረፊያ ትክክል በመሆኑ እግሯ ወደ ጀርባው ቀለም ሲሟሟ እንኳ ሴቲቱ አትወድቅም። በአንጻሩ ከበስተጀርባ ያለው፣ የቀለም ንጣፍ ሆኖ ሱቅም መንገድም የማይታይበት ቦታ፣ የገብረ ክርስቶስን ትምህርት ያስታውሰኛል። ሌኒንግራድ የሰጠውን አካል አዲስ አበባ በተማረው ነጻ ቀለም ውስጥ አቆመው። ከሶሻሊስት እውነታዊነት የወረሰው ግዝፈቱን እንጂ መፈክሩን አይደለም፤ ሴቶቹ ክንዳቸውን አይሰነዝሩም፣ ምንም አያውጁም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ይህ ውበት ድህነትን ያስጌጥ ይሆን? ሥዕሎቹ በለንደን ማሳያ አዳራሾች ተሰቅለዋል፤ እዚያ ቆሞ የሚያደንቃቸው ሰው ከጉሊት ቲማቲም አይገዛም። ለዚህ የተሻለ መልስ የማገኘው፣ በእርሱ ሥር ከተማሩት አንዱ በሆነው በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራ ውስጥ ነው። ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ በመጀመሪያው የኢትዮጵያ ድንኳን አገሩን ወክሎ ሲቀርብ፣ ያሳያቸው አካላት የተጠማዘዙ፣ የተደራረቡ፣ ምቾት የሚነሱ ናቸው። መምህሩ አቁሞ ያከበረውን ሰውነት ተማሪው አጣጥፎ ጠየቀው። ሁለቱም ግን ሰው መሣልን አልተዉም፤ ንድፍን ከልብ ማስተማር የሚያፈራው ይህን ይመስለኛል።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ የጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የመንገድ ዳር የማን ነው የሚለውን ጥያቄ እንደገና አንሥቶታል። አስፋልቱ ሰፍቶ፣ መብራቱ ደምቆ፣ የእግረኛው መንገድ አምሮ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሸራዋን የት ታንጥፍ ብዬም እጠይቃለሁ። በሳንሱሲ መንገድ ዳር እነዚያን ሴቶች ሁሉንም በአንድነት ቆመው የማያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ደንቦች መጡ!» ሲባል የሸራውን አራት ማዕዘን ሰብስበው፣ ሽንኩርቱን ከነመደቡ በጀርባቸው አዝለው ሲነሡ።