ከመደብ እስከ ሳሎን፤ የበግ ጠጉር ምንጣፍ በኢትዮጵያ ቤት

ምንጣፍ የሚለው ስም አነጠፈ ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ በቋንቋችን የሚነጠፈውን ነገር ሁሉ ያጠቃልላል። ሰሌኑም፣ አጎዛውም፣ ጀንዲውም ምንጣፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን ባለ ብዙ ቀለም የሱፍ ሥራ ግን ሕዝቡ ስጋጃ ብሎ ለየው፤ ቃሉ የዐረብኛ ሲሆን መነሻውም የስግደት ምንጣፍ ነው። ይህ የስም ልዩነት ራሱ አንድ የታሪክ ፍንጭ ይሰጣል። በሰሜን ሸዋ ደጋ የበግ ጠጉር ሞልቶ ሳለ፣ ፈታይዋም ሸማኔውም ሳይጠፉ፣ በቋጠሮ የሚሠራው የሱፍ ምንጣፍ በኢትዮጵያዊው ቤት ለብዙ ዘመን እንግዳ ሆኖ የኖረው ስለ ምን ነው? መልሱ ከሸማኔው እጅ ይልቅ በቤቱ ወለልና በደጋው ብርድ ዘንድ ይገኛል።

አስቀድሞ የቋጠሮ ሥራ ከተራ ሽመና የሚለይበትን መግለጽ ይገባል። በተራ ሽመና ማጉ በመወርወሪያ ድሩን እያቋረጠ ያልፋል፤ ጨርቁም ለጥ ያለ ገጽ ይኖረዋል። በቋጠሮ ሥራ ግን ሠራተኛው አጫጭር የሱፍ ክሮችን በድሩ ላይ አንድ በአንድ ይቋጥራል፤ አንድ ረድፍ በሞላ ቁጥር ማግ አሳልፎ ይጠቀጥቀዋል። ከላይ ቆመው የሚቀሩት የክር ጫፎች የምንጣፉን ለስላሳ ገጽ ይሠራሉ። በዓለም የታወቁት ሁለት ዐይነት ቋጠሮዎች ናቸው፤ የቱርክ የሚባለው ሁለቱንም የድር ክሮች ይጠመጥማል፤ የፋርስ የሚባለው አንዱን ጠምጥሞ በሌላው ኋላ ያልፋል። ጥበቡ እጅግ የቆየ ለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1949 በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች ከበረዶ በታች ካለ መቃብር የወጣው የፓዚሪክ ምንጣፍ ምስክር ነው። ዕድሜው ከ2,200 ዓመት በላይ ሲሆን፣ ስፋቱ 1.83 በ2 ሜትር፣ የቋጠሮውም ብዛት በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 3,600 ገደማ ነው።

የሥራውን ክብደት በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። 2 በ3 ሜትር የሆነ መካከለኛ ምንጣፍ በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 1,000 ቋጠሮ ቢኖረው፣ በጠቅላላው 600,000 ቋጠሮ ይሆናል። በቀን 8,000 ቋጠሮ የምታስር ሠራተኛ ብቻዋን 75 የሥራ ቀን ያስፈልጋታል። ጠጉሩን ለመሸለት፣ ለማጠብ፣ ለመንደፍና ለመፍተል የሚፈጀው ጊዜ በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም። እንዲህ ያለው ዕቃ በየትኛውም አገር አስቀድሞ የቤተ መንግሥትና የቤተ እምነት ጌጥ መሆኑ አያስገርምም።

በኢትዮጵያም የሆነው ይኸው ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1512 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ፣ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በንጉሡ ድንኳኖች ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ማየቱን ጽፏል። ቤተ ክርስቲያንም መቅደሷንና ቅኔ ማሕሌቷን በምንጣፍ ስታስጌጥ ኖራለች፤ መስጊዱም እንዲሁ። ምእመናን ጫማ አውልቀው በሚገቡበት ስፍራ ምንጣፉ ሲያገለግል ይኖራል እንጂ ቶሎ አያረጅም።

በተራው ሰው መኖሪያ ውስጥ ምንጣፍ ከሁሉ አስቀድሞ ክብር ያገኘው በሐረር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሐረሪ ቤት ውስጡ ደረጃ ባላቸው መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ነደባ የሚባሉት እነዚህ መደቦች በሰሌንና በምንጣፍ ይሸፈናሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍም በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖርዋን ያመለክታል ይባላል። ከተማይቱ ከዘይላ ወደብ ጋር በነበራት ጥንታዊ ንግድ የባሕር ማዶ ዕቃ በቀላሉ ይደርሳት ነበርና፣ ምንጣፉ ከቤቱ አሠራርና ከቤተ ሰቡ ሥርዐት ጋር ተዋሐደ።

በማዕከላዊው ደጋ ግን ቤቱ ሌላ ነበር። ወለሉ በእበት የሚለቀለቅ አፈር ነው፤ እሳቱ በመካከል ይነዳል፤ በብዙ ስፍራ ከብቱም ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። በእንዲህ ያለው ወለል ላይ ሱፍ ቢነጠፍ ከታች እርጥበቱ፣ ከላይ ጥላሸቱ፣ በመካከልም ብሉ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ መሬቱን ትቶ መደቡን አለበሰ። በመደቡ ላይ አጎዛ ወይም ጀንዲ ይነጠፋል፤ በዓል ሲመጣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጐዘጐዛል። ቄጠማው ሲደርቅ ተጠርጎ ይጣላል፤ ጀንዲው ተራግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ይህ ምርጫ ከድኽነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ለአፈር ወለል የሚስማማውን ዕቃ ለይቶ የማወቅ ብልኀትም ነበረበት።

የበጉ ጠጉር ታዲያ ወዴት ሄደ? ወደ ሰውነት ሄደ። በመንዝና በአካባቢው ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት አገር፣ ጠጉር ከጌጥ አስቀድሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔዎች በጠባብ ሸማ እየሠሩ ሸማውን ጐን ለጐን በመስፋት ባናና ዝተት ያወጡታል። ጥቁሩ በርኖስ ለባላገሩ የክብር ልብስ ሆነ፤ ሻካራው ማቅ ለመነኵሴውና ለሐዘንተኛው ተረፈ። ዝተት በቀን ይለበሳል፤ ማታ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በመደቡ ላይ ይዘረጋል። እንግዲህ የአገራችን የሱፍ ምንጣፍ ታሪክ መጀመሪያ ይህ ለጥ ያለ የመንዝ ሥራ እንጂ ባለ ቋጠሮው ስጋጃ አይደለም።

የእጅ ባለሙያው የነበረበት የኑሮ ደረጃም ሌላው ምክንያት ነው። ሸማኔው፣ ፋቂውና ቀጥቃጩ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ዐዋጁ ማስፈለጉ ራሱ የነቀፌታውን ጥልቀት ያሳያል። ወራት የሚፈጅ የጥበብ ሥራ የሚያድገው ባለሙያው ተከብሮ፣ ገዥም ኖሮት፣ ልጁን በዚያው ሙያ ለማሰልጠን ሲበረታታ ነው። የተሰደበ ሰው ግን ልጁን ከመሸመኛው ጕድጓድ ለማራቅ ይመኛል።

የአዲስ አበባ መስፋፋት ይህን ሁሉ ለወጠው። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. መዲናይቱ ሲደርስ የባሕር ማዶው ዕቃ መንገድ አጠረ። ቆርቆሮ ጣራ፣ የጣውላ ወለል፣ ቀጥሎም ሲሚንቶ ተስፋፋ። እሳቱ ከመኖሪያው ክፍል ወጥቶ ወደ ማድ ቤት ሄደ፤ ሳሎን የሚባል የእንግዳ ክፍል ተፈጠረ። እንግዲህ ወለሉ ደርቆና ጸድቶ ምንጣፍን ለመቀበል ተዘጋጀ። በእቴጌ መነን ስም በተቋቋመው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም የምንጣፍ ሥራ ከጥልፉና ከሌላው የእጅ ጥበብ ጋር ይሠራ ነበር።

የጥሬ ዕቃው ጕዳይ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ይወስዳል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ የሱፍና የብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያና ማባዣ ማዕከልም የአገሩን በግ ከውጭ ዘር ጋር በማዳቀል ሥጋውንና ጠጉሩን ለማሻሻል ሠራ፤ በኋላ ከመጡት ዘሮች አንዱ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ነበር። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው ተብሎ ሲነቀፍ ኖሯል። ነገር ግን ለሹራብ ጕድለት የሆነው ሻካራነት ለምንጣፍ ጠቃሚ ነው፤ ወፍራሙ ክር በእግር ተረግጦ መልሶ ይቆማልና። የአዋሲም ጠጉር በዓለም ገበያ የሚመደበው ከምንጣፍ ሱፍ ነው። ዋናው ችግር ያለው በአለያየት ላይ ነው። ቀለም የማይቀበለው ደረቅ ጠጉር ከለስላሳው ሳይለይ አብሮ ሲፈተል ምንጣፉ ይረግፋል፤ ቀለሙም ይዥጐረጐራል።

በደብረ ብርሃን አካባቢ የሚሠራው የሱፍ ምንጣፍ በአዲስ አበባ ሳሎኖች ውስጥ ስፍራ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ብዙው የበጉን የተፈጥሮ ቀለም፣ ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ቡናማውንና ግራጫውን፣ እንዳለ ይይዛል። አንበሳው፣ መስቀሉና የጎንደር ግንብ ይቀረጹበታል። አንዳንዱ ቤተ ሰብ ወለል ላይ ያነጥፈዋል፤ ሌላው መረገጡን ጠልቶ በግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። በግድግዳ መስቀሉ ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ሱፍ የክፍሉን ድምፅ ይመጥጣል፤ የብሎኬቱንም ቅዝቃዜ ይቀንሳል።

ገበያው ግን ሌላ ወሬ ያወራል። በጣልያን ወረራ ዘመን የአራዳው ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተወለደው መርካቶ፣ የመዲናይቱን ሳሎን የሚያለብስ ዋና መደብር ሆኗል። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ ባለው ሰፈር ከባላገር የመጣውና ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ ይገናኛል፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ምእመናንም ከዚሁ ገበያ ይሸምታሉ። ዛሬ በዚያ ገበያ ጐልቶ የሚታየው በመኪና የተሠራው፣ ከፖሊፕሮፒሊን የተፈተለው የውጭ ምንጣፍ ነው። ብሩህ ቀለም አለው፤ ብል አይበላውም፤ ዋጋውም በእጅ ከተቋጠረው ጋር አይወዳደርም። ገዢው ቢመርጠው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ዋጋ ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይገባም። ፖሊፕሮፒሊን በ165 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከከሰል ማንደጃ የተፈናጠረ ፍም ይበሳዋል። ሱፍ ለመቀጣጠል ከ500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ እሳቱም ሲርቅለት ይጠፋል። ከክብደቱ እስከ ሲሶ የሚደርስ የውኃ ተን መያዝ ስለሚችልም የክፍሉን አየር ያስተካክላል። ቡና በረከቦት አጠገብ ተቀምጦ በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጤስበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም ዋጋ አለ። የመኪናው ምንጣፍ ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ የደጋው ጠጉር ገዢ ያጣል፤ ፈታይዋም እንዝርቷን ታስቀምጣለች። ፋብሪካ ቢዘጋ መልሶ ይከፈታል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የእጅ እውቀት ግን አንድ ትውልድ ከዘለለ የሚያስተምረው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ጕዳዩ የባህል ወዳጆች ብቻ አይደለም፤ የሕንፃን ወለልና የውስጥ ማጠናቀቂያ የሚወስኑ ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። ሸማኔውን ሲጐዳው የኖረው የውድድሩ ብርታት ብቻ ሳይሆን የመለኪያ መታጣትም ነው። የጠጉሩ አለያየት፣ በካሬ ሜትር የሚኖረው የሱፍ ክብደት፣ የቋጠሮው ብዛት፣ የቀለሙ በውኃና በፀሐይ አለመልቀቅ በጽሑፍ ቢወሰን፣ ሆቴሉም መሥሪያ ቤቱም በልበ ሙሉነት ያዝዛል፤ ሸማኔውም ምን እንደሚጠየቅ ዐውቆ ይሠራል። የበጉ ጠጉርና የሠራተኛው እጅ ዛሬም አሉ፤ ሥራቸውን የሚቀበለው ወለልም በየዕለቱ በመዲናይቱ እየተሠራ ነው። በንድፉ ወረቀት ላይ የወለሉ ልባስ በሚጻፍበት ስፍራ የደጋውን ሱፍ ማስገባት ግን የባለሙያው ፈንታ ነው።