የአባባ ቆርቆሮ

ታላቅ ወንድሜ ከመሐል ሜዳ ሲደውል ሰላምታ አያሳጥርም። በጉንም፣ ገብሱንም፣ ውርጩንም አንድ በአንድ ይነግረኛል። ባለፈው ክረምት ግን ገና ስልኩን ሳነሳ፣ "ያ የአባባ ቆርቆሮ ስንት ያወጣል?" አለኝ። ለካስ አንድ ሰው "የድሮ የአሜሪካ ቴምብር ቤት ይገዛል" ብሎት ኖሯል። እሱም በኮንትራት የሰጠውን መሬት በዚያ ገንዘብ ሊያስመልስ ሲያሰላ ከርሟል።

ቆርቆሮው እኔ ዘንድ ነው። የብስኩት ዕቃ ነው፤ ውስጡ ሁለት መቶ ያህል ቴምብር አለ። ለ1955 የትምህርት ዘመን የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር መምህራን ኢትዮጵያ ገቡ። አባቴ ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለ ከእነሱ አንዱ አስተምሮታል፤ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ለዓመታት ጽፎለታል። ልጁ ቴምብር እንደሚወድ ስላወቀ ከደብዳቤው ጋር የቆዩትንም እየቋጠረ ይልክለት ነበር። አሜሪካዊ ለመንዝ ሰው ፍጹም እንግዳ አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዶናልድ ሌቪን፣ በኋላ "ጋሽ ሊበን" የተባለው፣ መንዝ ተቀምጦ የአገሩን ታሪክና ባህል አጥንቷል።

ማጉያ መነፅር ገዝቼ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ከሁሉ የበዛው ባለ ሦስት ሳንቲም ሐምራዊ ነው። ሐምራዊው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቶማስ ጄፈርሰን ምስል ያለበት የ1938 እ.ኤ.አ. ኅትመት ነው። በዚያ ተከታታይ እስከ 22 ሳንቲም ድረስ ዋጋውና የፕሬዚዳንቱ ተራ ቁጥር አንድ ነው፦ ዋሽንግተን 1፣ አዳምስ 2፣ ጄፈርሰን 3። ሁለተኛው የነፃነት ሐውልት ያለበት የ1954 ኅትመት ሲሆን "በእግዚአብሔር እንታመናለን" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ1932 እስከ 1958 የተራ ደብዳቤ ዋጋ 3 ሳንቲም ስለነበረ እነዚህ በቢሊዮን ታትመዋል። የበዛ ነገር ደግሞ ዕድሜው ብቻውን አያስወድደውም።

ከዚያ የሚያደናግረው መጣ፤ ባለ ሁለት ሳንቲም ቀይ ዋሽንግተን። ከ1908 ጀምሮ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል አንዱ መልክ በተለያየ ማሽን ታትሟል። በዓይን ሲታይ ሁሉም ያው ነው። የሚለየው ጥርሱ በሁለት ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት እንደሆነ ሲቆጠር፣ ወረቀቱም የውኃ ምልክት እንዳለው በብርሃን ሲታይ ነው። ከአንዱ ዓይነት እፍኝ ሙሉ ዳቦ አይገዛም፤ ከሌላው አንዱ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ማታ ማታ ጥርስ ስቆጥር ከረምኩ። የእኛዎቹ የተራው ወገን ሆኑ።

አንድ ተስፋ ቀረኝ፤ የዳግ ሐመርሾልድ ቴምብር። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከሞቱ በኋላ አሜሪካ በጥቅምት 1955 ዓ.ም. ባለ 4 ሳንቲም መታሰቢያ አወጣች። ጥቂቱ ላይ ቢጫው ቀለም ተገልብጦ ታተመ። ያገኙት ሰዎች "ሀብታም ሆንን" ሲሉ፣ የፖስታው ሹም ኤድዋርድ ዴይ ስሕተቱ ሆን ተብሎ እንዲደገም አዘዙ፤ ከ40 ሚሊዮን በላይ ታተመ። በአባባ ቆርቆሮ ውስጥ የተገለበጠው ተገኘ። ግን ከ40 ሚሊዮኑ አንዱ ነው።

ዋናውን ጥፋት የተረዳሁት ከዚህ በኋላ ነው። አባባ ቴምብሩን ከፖስታው በሞቀ ውኃ እየላቀቀ፣ በጨርቅ እያደረቀ፣ ፖስታውን ለምድጃ ይሰጥ ነበር። እናቴ እሳት ስታያይዝበት እኔም ዓይቻለሁ። ንጹሕ ቴምብር የተሻለ መስሎት ነው፤ ማን ነግሮት! ለሰብሳቢ ግን አንዳንዴ ከቴምብሩ ይልቅ ፖስታው ይበልጣል። የራሳችንን ታሪክ እንይ። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት ሲያቋቁሙ ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበርና፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመርለት ነበር። ሁለቱ ባንድ ፖስታ ላይ ከነማኅተማቸው ሲገኙ ያንን ዘመን ይመሰክራሉ። ተላቀው ሲቀመጡ ግን ሁለት ቁራጭ ወረቀት ናቸው።

ከቆርቆሮው ሥር አንድ ያልተነካ ፖስታ አገኘሁ። ሐመርሾልድ ከሌሎች ጋር ተለጥፎበታል፤ ማኅተሙ ይነበባል፤ የአባቴ ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ደብዳቤውም ውስጡ ነው። ሰውዬው የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ውርጩ ገብሱን አተረፈው ወይ? እናትህ ተሻላቸው ወይ? አንተስ መምህር ልትሆን ወሰንክ?

ለወንድሜ ደወልኩ። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ሙክት ዋጋ ባይሞላስ አልኩት። ዝም አለ። መሬቱን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም የምለው አጣሁ። ቆይቶ፣ "ደብዳቤው ምን ይላል?" አለኝ። አነበብኩለት።

"አባባ ምን ብሎ መልሶለት ይሆን?" አለ።

መምህር ሆኖ ሠላሳ ዓመት ማስተማሩን ሁለታችንም እናውቃለን። "ለጥምቀት ስትመጣ ፖስታውን ይዘህ ና" አለኝ፤ "ሌላውን ለልጆቹ ስጣቸው።"